የራስን ወይን ይዞ ምግብ ቤት መግባት፦ የዲሲ፣ የሜሪላንድና የቨርጂኒያ ደንብ

ዋሽንግተን ዲሲ ዩ ስትሪት፣ ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ቨርጂኒያ አሌክሳንድሪያ። ሦስቱም ጋ የሚቀርበው ዶሮ ወጥ ያው ዶሮ ወጥ ነው። ይዛችሁት የምትገቡትን የወይን ጠርሙስ የሚመለከተው ሕግ ግን ሦስት ዓይነት ነው። ዲሲ ያለችግር የተከፈተላችሁን ጠርሙስ ሜሪላንድ ውስጥ አስተናጋጁ «ይቅርታ፣ አንችልም» ሊላችሁ ይችላል። ሰውየው ክፉ ሆኖ ሳይሆን ሕጉ ስለከለከለው ነው። ስለዚህ ከቤት ከመውጣታችሁ በፊት የምትሄዱበት ቤት በየትኛው ግዛት እንደሚገኝ እወቁ።

ለሦስቱም የሚሠራ አንድ መነሻ አለ። ወይን ይዞ መግባት የደንበኛ መብት አይደለም፣ የቤቱ ፈቃድ ነው። ሕጉ ለምግብ ቤቱ «ከፈለግህ መፍቀድ ትችላለህ» ይለዋል እንጂ «ፍቀድ» ብሎ አያስገድደውም። ጥፋት ቢገኝም አደጋ ላይ የሚወድቀው የባለቤቱ የመጠጥ ፈቃድ ነው። ይህን የተረዳ ሰው ከታች ያሉት ደንቦች አይከብዱትም።

ኮርኬጅ የሚባለው፣ እናንተ ያመጣችሁትን ጠርሙስ ለመክፈት፣ ብርጭቆ ለማቅረብና ለማስተናገድ ቤቱ የሚያስከፍለው ሒሳብ ነው። ብዙውን ጊዜ የሚታሰበው በጠርሙስ ሲሆን፣ አንድ ጠርሙስ ማለት 750 ሚሊ ሊትር ነው። 1.5 ሊትር የሚይዘውን ትልቁን ጠርሙስ ብዙ ቤቶች እንደ ሁለት ይቆጥሩታል።

ሦስቱ ሕጎች

ዲሲ ከሦስቱ ቀላሉ ነው። የመጠጥ ፈቃድ ያለው ምግብ ቤት ደንበኛው የራሱን ወይን ይዞ እንዲገባ መፍቀድ ይችላል። የኮርኬጁም ጣሪያ በሕግ የተወሰነ ነው፦ በጠርሙስ 25 ዶላር። ቤቱ ከዚያ በታች ሊያስከፍል፣ ወይም በሳምንቱ መጀመሪያ ቀናት ገበያው ሲቀዘቅዝ ጭራሹን በነፃ ሊያደርገው ይችላል።

ሜሪላንድ ውስጥ ደንቡ ጠበቅ ይላል። ምግብ ቤቱ ከመደበኛው የመጠጥ ፈቃድ በተጨማሪ ለዚህ ጉዳይ የተለየ ፈቃድ ከአካባቢው የመጠጥ ቦርድ ማውጣት አለበት። ያላወጣ ቤት ቢወዳችሁም መፍቀድ አይችልም። ወይኑ ከምግብ ጋር መጠጣት አለበት፤ ጠርሙስ ይዞ ገብቶ ሳያዙ መቀመጥ የለም። ብዙ ሰው የሚሰናከልበት ግን ሌላው ቅድመ ሁኔታ ነው፦ የምታመጡት ወይን በቤቱ የወይን ዝርዝር ላይ የሌለ መሆን አለበት። ዝርዝሩ ላይ ካለ፣ እናንተ ከሱቅ ግማሽ በማይሞላ ዋጋ ብትገዙትም አይከፈትላችሁም። ስለዚህ ሜሪላንድ ስትሄዱ የቤቱን የወይን ዝርዝር ድረ ገጹ ላይ አይታችሁ፣ ካልተገኘም በስልክ ጠይቃችሁ ነው ጠርሙስ የሚመረጠው።

ቨርጂኒያ ይህን የፈቀደችው ከሐምሌ 2011 ጀምሮ ነው። እዚያ ሕጉ የሚያተኩረው በጠርሙሱ ላይ ነው። ወይኑ ደንበኛው ፈቃድ ካለው መደብር የገዛው መሆን አለበት፤ ወደ ቤቱ የሚገባውም እንደታሸገ፣ ከተከፈተ በኋላ ተመልሶ በማይታሸግ ጠርሙስ ወይም ጣሳ ብቻ ነው። ቤት ተከፍቶ ትንሽ የተቀመሰለት፣ ወይም በሌላ ዕቃ የተገለበጠ ወይን አይገባም። በቡሽ የተዘጋ ጠርሙስ ጥያቄ አያስነሳም። በቆርቆሮ ክዳን የሚጠመዘዘው ግን ተመልሶ ስለሚከደን አንዳንድ ቤት ሊያመነታ ይችላል፤ ቡሽ ያለውን መያዝ ከክርክር ያድናል። ቤቱ ኮርኬጅ ማስከፈል ይችላል፤ በዚያ ወይን ላይ ሌላ ተጨማሪ ክፍያ መጫን ግን አይፈቀድለትም። ሒሳቡ ላይ ከኮርኬጅ ሌላ «የብርጭቆ» የሚል መስመር ብታዩ ጠይቁ። የመደብሩን ደረሰኝ ስልካችሁ ላይ ፎቶ አንስታችሁ ያዙ፤ የሚጠይቃችሁ ባይኖርም አይከብድም።

ቨርጂኒያና ሜሪላንድ የሚፈቅዱት ወይን ብቻ ነው። ውስኪ፣ አረቄ፣ ቢራ በቦርሳ ይዞ ገብቶ ከጠረጴዛ በታች መቅዳት ቤቱን ለቅጣት ያጋልጠዋል። ዲሲም ቢሆን ከወይን ውጭ ያለውን ሳትጠይቁ አትያዙ። በጠረጴዛችሁ ካሉት ውስጥ 21 ዓመት ያልሞላው ሰው ካለ አትቅዱለት፤ እናቱ አጠገቡ ብትቀመጥም ለባለቤቱ መከራከሪያ አይሆነውም። መታወቂያም አትርሱ፤ ፀጉሩ የሸበተም ሊጠየቅ ይችላል።

አንድ የተለመደ ስህተት አለ። «ይህ ቤት መጠጥ ስለማይሸጥ የራሳችንን ይዘን ብንገባ ግድ አይሰጠውም» ብሎ መገመት። በዚህ አካባቢ ሕጉ የሚናገረው የመጠጥ ፈቃድ ስላላቸው ቤቶች ነው። ፈቃድ የሌለው ካፌ ውስጥ ጠርሙስ መክፈት እናንተንም ባለቤቱንም ችግር ውስጥ ሊከት ይችላል።

ጠጅና ከሀገር ቤት የመጣ ወይን

የእኛ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህን ነው። በአሜሪካ ሕግ ጠጅ ከወይን ወገን ስለሚቆጠር፣ በጠርሙስ ታሽጎ ከሱቅ የተገዛ ጠጅ እንደማንኛውም ወይን ነው። ሜሪላንድ ላይ ግን ያን ዝርዝር አትርሱ፦ ሐበሻ ምግብ ቤት ብዙውን ጊዜ ራሱ ጠጅ ይሸጣል፣ እናንተ የያዛችሁት ምርት እዚያው ካለ አይገባም።

ቤት የተጣለ ጠጅ ሌላ ነገር ነው። የፌዴራል ሕግ አዋቂ የሆነ ሰው ለራሱና ለቤተሰቡ በዓመት እስከ 100 ጋሎን፣ ሁለትና ከዚያ በላይ አዋቂ ባለበት ቤት እስከ 200 ጋሎን እንዲጥል ይፈቅዳል፤ መሸጥ ግን አይቻልም። ለቤተሰብ ድግስ ይህ ከበቂ በላይ ነው። ቨርጂኒያ ምግብ ቤት ውስጥ ግን አይገባም፣ ከመደብር የተገዛ አይደለምና። እናታችሁ የጣለችው የቱንም ያህል ቢጣፍጥ፣ በፕላስቲክ ጋሎን ይዛችሁ በር ላይ ብትቆሙ ባለቤቱን የምታስጨንቁት በከንቱ ነው። የቤት ጠጅ በቤት ይጠጣ።

ከአዲስ አበባ በሻንጣ የመጣ ጉደር፣ አክሱሚት ወይም ሪፍት ቫሊም ጥያቄ ያስነሳል። 21 ዓመት የሞላው መንገደኛ አሜሪካ ሲገባ ያለ ቀረጥ የሚያስገባው አንድ ሊትር ነው። ስለዚህ አንድ ጠርሙስ በዚያ ውስጥ ይወድቃል፣ ሁለተኛው ያልፋል፣ ማስታወቅ ያስፈልጋል። ምግብ ቤት ይዛችሁ ስትሄዱ ለባለቤቱ ከየት እንደመጣ አስቀድማችሁ ንገሩት። ዝዋይ የበቀለ ወይን ለአሜሪካዊ ጓደኛ በሐበሻ ቤት ማስቀመስ፣ ኮርኬጅ ከሚከፈልባቸው ምክንያቶች ሁሉ ጥሩው ነው ብንል አናጋንንም።

ስልኩ

ሳይደውሉ መሄድ አይገባም። የሚደወልበት ሰዓት ደግሞ ከምሳ በኋላ፣ ከእራት በፊት ነው፤ አርብ ማታ ጫጫታው ውስጥ ስልክ ያነሳ ሰው የሚሰጣችሁ መልስ አያስተማምንም። ጥያቄው አጭር ይሁን፦

«ጤና ይስጥልኝ፣ ለቅዳሜ ማታ ለስድስት ሰው ጠረጴዛ ልይዝ ነበር። የራሳችንን ወይን ይዘን ብንመጣ ትፈቅዳላችሁ? ኮርኬጁ በጠርሙስ ስንት ነው? እስከ ስንት ጠርሙስ ይቻላል? የምንይዘው ይህ ነው፣ እናንተ ጋ ይሸጣል?»

የወይኑን ስም፣ ዓይነትና ዓመቱን ንገሩ። የመለሰላችሁን ሰው ስም ጠይቁና ቀጠሮው ላይ በማስታወሻ እንዲጻፍ አድርጉ። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ግን በየቤቱ የሚፈጠረው ጭቅጭቅ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ስልኩን ያነሳው ሰውና ማታ የሚያስተናግደው ሰው የተለያዩ በመሆናቸው ነው። «ወይዘሮ እከሊት ፈቅደውልናል» ከማለት፣ ቀጠሮው ላይ የተጻፈውን ማሳየት ይቀላል። ባለቤቷን የምታውቋቸው ቢሆንም ደውሉ። እንዲያውም ስታውቋቸው ነው መደወል ያለባችሁ፣ ፊት ለፊት «እምቢ» ለማለት ይከብዳቸዋልና።

ስትደውሉ ስለ ብርጭቆም ጠይቁ። አንዳንድ ቤት ወፍራም የውኃ ብርጭቆ ብቻ ነው ያለው። ጠጅ ከሆነም ብርሌ እንዳለ ማወቅ ይጠቅማል።

ሒሳቡ ያዋጣል ወይ?

ገንዘብ ለመቆጠብ ብቻ ከሆነ፣ ርካሽ ወይን ይዞ መሄድ አያዋጣም። ምግብ ቤቶች ወይንን በብዛት የሚሸጡት የሱቁን ዋጋ ከሁለት ተኩል እስከ ሦስት እጥፍ አድርገው ነው። በ25 ዶላር ኮርኬጅ እናስላው። ከሱቅ በ12 ዶላር የገዛችሁት ወይን ከኮርኬጁ ጋር 37 ዶላር ይመጣል፤ ያው ወይን ምግብ ቤቱ ውስጥ ከ30 እስከ 36 ዶላር ነው። ተሸክማችሁ ሄዳችሁ ኪሳራ ነው። የ20 ዶላሩ 45 ይሆናል፣ እዚያ ከ50 እስከ 60። ትርፉ ትንሽ ነው። የ40 ዶላሩ 65 ይሆናል፣ እዚያ ከ100 እስከ 120፤ እዚህ ጋ ነው ልዩነቱ የሚታየው። ኮርኬጁ 10 ዶላር በሆነበት ቤት ደግሞ የ20 ዶላሩም ጥሩ ያዋጣል።

ቲፑን አታሳንሱ። አስተናጋጁ ጠርሙስ ከፍቷል፣ ብርጭቆ አመላልሷል፣ በረዶ አምጥቷል፤ ሒሳቡ ላይ ግን ወይኑ ስለሌለ በፐርሰንት ስታሰሉ ድካሙ ይጠፋል። ወይኑን ከዚያው ብትገዙ ይከፈል የነበረውን ገምታችሁ ጨምሩ። 60 ዶላር የሚያወጣ ወይን ከሆነ፣ በ20 ፐርሰንት 12 ዶላር ማለት ነው።

ከቤቱም የሆነ ነገር ግዙ። አነስተኛ ሐበሻ ምግብ ቤት የቤት ኪራይና የሥጋ ዋጋ እያደር ሲከብደው፣ ትርፍ የሚያገኝበት አንዱ መንገድ መጠጥ ነው። ስድስት ሰው ሦስት ጠርሙስ ይዞ መጥቶ፣ ሁለት በያይነቱ አዝዞ፣ አራት ሰዓት ተቀምጦ ሲሄድ ያ ጠረጴዛ ለባለቤቱ ኪሳራ ነው። ልክ የሚሆነው ለሁለት ሰው አንድ ጠርሙስ ገደማ፣ ከዚያ በላይ ከሆነ ደግሞ ሌላውን ከቤቱ ማዘዝ ነው። አንድ ጠርሙስ 150 ሚሊ ሊትር እየተቀዳ አምስት ብርጭቆ ይወጣዋል፣ በዚያ አስሉ።

መግዛትና ማጓጓዝ

ሜሪላንድ ውስጥ በመንገዳችሁ ሱፐርማርኬት ገብታችሁ ወይን አገኛለሁ ብላችሁ አትተማመኑ፤ የሰንሰለት ሱፐርማርኬቶች፣ ከጥቂቶች በስተቀር፣ እዚያ ወይን አይሸጡም። የመጠጥ መደብር ፈልጉ፣ ወይም ከአንድ ቀን በፊት ግዙ። ቨርጂኒያ ግን ሱፐርማርኬቱ ሁሉ ይሸጣል።

በበርበሬ ለተሠራ ወጥ ምን ይያዝ ለሚለው፣ ዋናው ነገር አልኮሉ ነው። አልኮልና አፍን የሚያደርቀው የቀይ ወይን ባሕርይ (ታኒን) ሚጥሚጣውንና በርበሬውን ያቀጣጥሉታል። 14.5 ፐርሰንት የሆነ ከባድ ካበርኔ ከቀይ ወጥ ጋር ሲጠጣ ሁለቱም ይበላሻሉ። ለዶሮ ወጥ ጥቂት ጣፋጭነት ያለው ሪዝሊንግ፣ ከ8 እስከ 11 ፐርሰንት የሆነ፣ ድንቅ ነው። ለክትፎ ቀለል ያለ ቀይ፣ ፒኖ ኗር ወይም ጋሜ፣ ትንሽ ቀዝቀዝ ብሎ። ለጥብስ ሲራ ወይም ማልቤክ ይሄዳል።

የሚበላሸው በአብዛኛው መኪና ውስጥ ነው። በሐምሌ የቆመ መኪና ውስጡ ከ50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊያልፍ ይችላል። ወይኑ ሲሞቅ ይሰፋል፣ ቡሹን ወደ ላይ ይገፋል፣ ጣዕሙም የተቀቀለ ፍራፍሬ ይሆናል። ቡሹ ከአንገቱ አልፎ ወጥቶ ወይም በጎኑ ወይን ፈስሶ ካያችሁ፣ ሙቀት መትቶታል ማለት ነው። ጠርሙሱን ቀዝቃዛ በሚይዝ ቦርሳ አድርጋችሁ ከራሳችሁ ጋር ይዛችሁ ውረዱ። ነጭ ወይን ከቤት ሳትወጡ ፍሪጅ ውስጥ ሦስት ሰዓት ያህል ይቆይ፤ ከ8 እስከ 10 ዲግሪ ይበቃዋል። ሞቆ ከደረሰ በረዶና ውኃ እኩል የተቀላቀለበት ባልዲ ውስጥ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ አስቀምጡት፤ በረዶ ብቻውን ጠርሙሱን ዙሪያውን ስለማይነካው ይዘገያል። አረፋ ያለውን ወይን ደግሞ መኪና ውስጥ ከተንገጫገጨ በኋላ ሳያርፍና ሳይቀዘቅዝ ማስከፈት ግማሹን ጠረጴዛ ላይ መድፋት ነው።

አሥራ አምስት ዓመት ያለፈው አሮጌ ወይን ከሆነ ከአንድ ቀን በፊት ጀምራችሁ አቁሙት፣ አተላው ይውረድ። ቡሹም በተለመደው ጠምዛዛ መክፈቻ ሊፈረፈር ስለሚችል ለአስተናጋጁ ንገሩት። ቡሹን ሳይበሳ በሁለት ስስ ብረት ከጎንና ከጎን ይዞ የሚያወጣ መክፈቻ አለ። ብዙ ቤት ስለማይኖረው፣ ካላችሁ ይዛችሁ ሂዱና አስተናጋጁ እንዲጠቀምበት ስጡት።

ጠረጴዛው ላይ

የዋጋ ወረቀቱን ላጡ፣ ጠርሙሱን በሥርዓት ቦርሳ ያዙ፣ ልክ እንደገባችሁ ለሚቀበላችሁ ሰው አስረክቡ። ራሳችሁ አትክፈቱት። አስተናጋጁ ሽፋኑን ከአንገቱ ከንፈር በታች ይቆርጠዋል፣ አፉን ይጠርጋል፣ ቡሹን ይነቅላል፣ ከዚያ ትንሽ ቀድቶ ላመጣው ሰው ያስቀምሳል። የቀመሰው ሰው ማሽተት ያለበት ለአንድ ነገር ነው፦ የረጠበ ካርቶን ወይም የሻገተ ምድር ቤት የሚመስል ሽታ። ካለ ቡሹ አበላሽቶታል፣ አይጠጣም። የቤቱን ወይን ገዝታችሁ ቢሆን ይቀይሩላችሁ ነበር፤ የራሳችሁ ሲሆን ግን ቤቱ ምንም ዕዳ የለበትም። ደረሰኙን ይዛችሁ ወደገዛችሁበት መደብር መመለስ ነው። የበዓል እራት ከሆነ አንድ ትርፍ ጠርሙስ መያዝ አይከፋም፣ ብዙ ቤት የሚያስከፍለው ለተከፈተው ብቻ ነውና።

ለባለቤቱ ወይም ለአስተናጋጁ ቅመሱልን ማለት ጥሩ ወግ ነው። ሠራተኛው ሥራ ላይ እያለ እንዳይጠጣ የሚከለክል ደንብ ሊኖርበት ስለሚችል ግን፣ አንዴ «አመሰግናለሁ» ካለ «በሞቴ» እያላችሁ አታስጨንቁት።

የተረፈው

የተረፈውን ወይን ቤቱ ቡሹን መልሶ ይድፈንላችሁ፣ ደረሰኙን ያዙ፣ ጠርሙሱንም የመኪናው ሻንጣ ውስጥ አስገቡት። ወንበራችሁ ሥር ወይም ከጎናችሁ አይደረግም፤ የተከፈተ ጠርሙስ ተሳፋሪ ባለበት ክፍል ተገኝቶ ፖሊስ ቢያስቆማችሁ፣ ያልጠጣም ሰው ማስረዳት ይጠበቅበታል። የሻንጣ ክፍል የሌለው መኪና ከሆነ ከመጨረሻው ወንበር ኋላ ይቀመጥ። ቤት ሲደርስ ፍሪጅ ውስጥ ከገባ ነጩም ቀዩም ከሦስት እስከ አምስት ቀን ይቆያል።

ከዚህ አካባቢ ስትወጡ

ወደ ሰሜን ስትነዱ ደንቡ ይገለበጣል። ፊላደልፊያ ውስጥ የመጠጥ ፈቃድ በቁጥር የተወሰነና ውድ ስለሆነ፣ ብዙ ጥሩ ትናንሽ ምግብ ቤቶች ሳያወጡ ደንበኛው የራሱን ይዞ እንዲመጣ ያደርጋሉ። ኒው ጀርሲም እንዲሁ ፈቃድ የሌለው ቤት ወይንና ቢራ ሊያስገባ ይችላል፣ ኮርኬጅ ማስከፈል ግን በሕግ ተከልክሏል። አንዳንድ ከተማ ጭራሹን ስለሚከለክል ያን አጣሩ። ኒው ዮርክ ውስጥ ፈቃድ የሌለው ቤት ይህን መፍቀድ የሚችለው ከ20 ሰው በታች የሚይዝ ከሆነ ብቻ ነው።

እስራኤል ላላችሁ ጥያቄው የኮሸር፣ ማለትም የአይሁድ የምግብ ሕግ ነው። የኮሸር ምስክር ወረቀት ያለው ምግብ ቤት የኮሸር ማኅተም የሌለውን ጠርሙስ ከደጅ አያሳልፍም። ማኅተሙ ቢኖርም እንኳ አንዳንድ ቤት፣ ወይኑን አይሁዳዊ ያልሆነ ሰው ሊቀዳው ስለሚችል፣ በሙቀት ያለፈውንና ጠርሙሱ ላይ «መቩሻል» የሚል የተጻፈበትን ብቻ ይቀበላል። ከመግዛታችሁ በፊት የኋላውን ወረቀት አንብቡ።

ለክርስትና፣ ለሰርግ ወይም ለምርቃት አዳራሽ የምትከራዩ ከሆነ ግን ከላይ ያለው ሁሉ አይመለከታችሁም። ያ ሕግ ለምግብ ቤት ደንበኛ ነው። አዳራሽ ውስጥ መጠጥ ለማቅረብ ለዕለቱ የሚያገለግል የተለየ ፈቃድ ሊያስፈልግ ይችላል። ቨርጂኒያ ላይ የሚሰጠው የግዛቱ የመጠጥ ባለሥልጣን ነው። ጥሪ ወረቀት ከመታተሙ በፊት የአዳራሹን ኃላፊ ጠይቁና ፈቃዱን የሚያወጣው ማን እንደሆነ ውሉ ላይ አስፍሩ።